የጨው ፕላኔት ጠበቃ

ባለፈው ሰሞን የእህቴ ልጅ አዲስ አበባ ውስጥ አሮጌ መጽሐፍ ከሚሸጡ ሰዎች ዘንድ ፈልጋ ያገኘችልኝን ሁለት ልብ ወለዶች በሚኒባስ ሹፌር እጅ ላከችልኝ። የቧንቧ ዕቃ የምሸጥባት ሱቄ ውስጥ፣ ደንበኛ ፊቴ አቁሜ ፌስታሉን ስፈታው፣ ግማሹ ሻጋታ፣ ግማሹ የማተሚያ ቀለም፣ ትርፉ ደግሞ የአንድ አይጥ ቤተሰብ ሙሉ የሕይወት ታሪክ የሆነ ሽታ ወጥቶ አፍንጫዬን ይዞ ጎተተኝ፤ ጎትቶም ቺሮ ገና አሰበ ተፈሪ ትባል ወደነበረበት ዘመን ወስዶ የጋሽ ታደሰ ልብስ ሰፊው በረንዳ ላይ ጣለኝ። ደንበኛው ዋጋ ደጋግሞ ጠይቆኝ ሲሰለቸው «አቦ፣ ይሄ ሰውዬ ዛሬ እዚህ የለም» ብሎ ወጣ። እውነቱን ነው፤ አልነበርኩም።

ጋሽ ታደሰ የተማሪ ዩኒፎርም ይሰፋል፣ በጎን ደግሞ መጽሐፍ ያከራያል። ያኔ በከተማው ከመጽሐፍ ይልቅ አንባቢ ይበዛ ነበር። አንድ ልብ ወለድ መጣ ከተባለ ከሂርና እስከ ቦርደዴ ያለ ወጣት በሙሉ ተሰልፎ ይጠብቀው ነበር ብላችሁ፣ የማጋነን አመል ስላለብኝ አታምኑኝም እንጂ ብዙም አልዋሸሁም። ለዚህ ሰልፍ ጋሽ ታደሰ የልብስ ሰፊ መላ አገኘለት፤ መጽሐፉን ወገቡ ላይ በመቀስ ለሁለት ይከፍለውና ላይኛውን ግማሽና ታችኛውን ግማሽ ለየብቻ ከዩኒፎርም በተረፈ ካኪ ሸፍኖ በስፌት መኪናው ይሰፋዋል፤ አንዱ አንባቢ ታችኛው ላይ ሲደርስ ላይኛው ለሌላው ይለቀቃል። «ሱሪስ ሁለት እግር የለውም እንዴ?» ይል ነበር። የመጽሐፉን ስም ካኪው ላይ የሚጽፈው ልብስ በሚያሰምርበት ጠመኔ ነው። ጠመኔ ደግሞ ላብ ያለበት እጅ ሲነካካው ይጠፋል፤ ሲጠፋ ጋሽ ታደሰ መልሶ ይጽፍበታል፤ ሲጽፍ ግን ውስጡን ገልጦ አያይም። ልብ ወለድ የሚባል ነገር ለክቶ እንጂ አንብቦ አያውቅም።

ከእነዚያ ካኪ ለባሾች መሐል እኔንና ጓደኛዬን ጀማልን ያሳበደን አንድ ደራሲ ነበር፤ የጥንት ሰው፣ የውጭ አገር ሰው፣ ሮኬት ከመሠራቱ በፊት ስለ ሮኬት የጻፈ። ስሙን አናውቀውም፤ ስሙ ያለበት ገጽ ከሽፋኑ ጋር ተገንጥሎ የት እንደገባ ጋሽ ታደሰ ያውቃል። ጀማል «አባ ኡርጂ» አለው፤ ኡርጂ በኦሮምኛ ኮከብ ነው፣ የከዋክብት አባት ማለቱ ነበር፤ በዚሁ ጸደቀ። ከአባ ኡርጂ ሥራዎች የትኛው ይበልጣል የሚለው ነገር ደግሞ የከተማውን ተማሪ ለሁለት ከፍሎ፣ ኳስ ስንጫወት እንኳ ቡድን የምንለየው በዚያ ነበር።

የእኔ «የጨው ፕላኔት» ነው። ሻምበሉ የሚባለው ዋናው ሰው ዝናቡም ድንጋዩም ጨው የሆነበት ዓለም ላይ ይወድቃል፤ እዚያ ከሰው እንባ በቀር የሚጠጣ ውሃ ስለሌለ አልቃሽ ሴት ከንጉሥ በላይ ትከበራለች። ላይኛው ግማሽ የሚያልቀው ሻምበሉ የጨው ናዳ ተጭኖት ሲቀበር ነው። ነፍሴ ተንጠልጥላ ታችኛውን ግማሽ ተቀብዬ ብከፍተው፣ ሻምበሉ ከመሬት ሆድ ውስጥ፣ ልትጠፋ አንድ ሐሙስ የቀራት ትንሽ ፀሐይ ፊት ቆሞ ሰው ሲያጽናና አገኘሁት። ጨው የለ፣ ናዳ የለ፣ አልቃሽ የለ። ሌላ አንባቢ ቢሆን «ይሄ ደግሞ ምንድነው?» ይል ነበር፤ እኔ ግን ፂሜ ሳያቀመቅም የሥነ ጽሑፍ ሊቅ ስለነበርኩ፣ አባ ኡርጂ ከመራቀቁ ብዛት መሐሉን ሆን ብሎ እንደተወልን ወዲያው ገባኝ። መጨረሻው ላይ ሻምበሉ ፀሐይዋን በእጁ ለኩሶ ዓይኑን ያጣል፤ ከዚያ በኋላ ደጃፍ ላይ ተቀምጦ፣ ሰዎች «እንዴት አደራችሁ» ሲባባሉ ሲሰማ መንጋቱን በዚያ ያውቃል። እዚህ ገጽ ላይ ያፈሰስኩት እንባ የጨው ፕላኔትን ሕዝብ ለአንድ ዓመት ያጠጣ ነበር።

ጀማል የጫት ነጋዴ ልጅ ነው፤ ሰውነቱ እንደ ጫት እንጨት ቀጭን፣ ድምፁ ግን የጭነት መኪና ጥሩምባ። የእሱ መጽሐፍ «የምድር ውስጥ ፀሐይ» ነበር። እዚያም ሻምበሉ አለ፤ ወደ ጥልቅ ጉድጓድ በገመድ ሲወርድ ገመዱ ይበጠስና ላይኛው ግማሽ ያልቃል። ታችኛው ሲከፈት ሻምበሉ ማልቀስ ባለመቻሉ ተከሶ ችሎት ፊት ቆሟል፤ ሊፈረድበት ሲል ሳቅ ያመልጠዋል፣ ሳቁ ለዳኛው ይተርፋል፣ ከዳኛው ለሕዝቡ፣ በመጨረሻም አገሩ በሙሉ ስቆ ስቆ እንባው እየወረደ ውሃ ይጠግባል። ጀማልም ከገመዱ ወደ ችሎቱ የተዘለለው ዝላይ የሊቅነት ምልክት ነው ብሎ ያምን ነበር። በዚህ ብቻ እንስማማለን።

የእኛ ችሎት የሚሰየመው ከሰዓት በኋላ፣ ትልልቆቹ በጋሽ ታደሰ በረንዳ ላይ ጫታቸውን ይዘው በርጫ ሲቀመጡ ነው። እነሱ ዳኛ፣ እኛ ጠበቃ፤ የተረታ የጋሽ ታደሰን የከሰል ካውያ እያራገበ ይቀጣል።

«አንተ ቆርቆሮ ራስ፣ ፀሐይዋን ከእኔ መጽሐፍ ሰርቀህ ነው!» ይላል ጀማል፣ አስፋልት ማዶ እስኪሰማ።

«አንተስ እንባ የሚጠጡትን ሰዎች ከየት አመጣሃቸው? የሰው ጨው ልሰህ!» እላለሁ።

ዳኞቹ ጉንጫቸውን እንደወጠሩ «ሰውየው አንድ ነው፤ ከራሱ ቢሰርቅ ምን ይደረጋል?» ብለው ይፈርዳሉ። ጋሽ ታደሰም መርፌውን በከንፈሩ ይዞ «ትክክል ነው» በሚል ራሱን ይነቀንቃል። አንድ ቀን አንደኛው ሽማግሌ፣ አንዳችሁ የሌላውን መጽሐፍ አንብባችሁ ለምን አትገላገሉም ቢሉን፣ ጀማል «ወላሂ ያንን መጽሐፍ በእጄ አልነካም!» ብሎ ማለ፤ እኔም የቁልቢውን ገብርኤል ጠርቼ የእሱን ላለማንበብ ማልኩ። በሐረርጌ ምድር ከዚህ በላይ መሐላ የለምና ነገሩ በዚያው ታሸገ።

ስናድግ ጀማል ወደ ገለምሶ ወርዶ የአባቱን ንግድ ያዘ፣ እኔ ቺሮ ቀረሁ፤ ክርክሩ ግን አልቀረም። ሠርጉ ላይ ሙሽራዋ አጠገቡ ተቀምጣ «ዛሬ እንኳ እመን» ብዬ ብለምነው፣ «የጨው ፕላኔትን ከማወድስ ሠርጉን ብሰርዘው ይሻለኛል» አለኝ። ሙሽራዋ እስከ ዛሬ አትወደኝም። ከዚያ ልጅ መጣ፣ ሥራ በዛ፣ ስልክ መጣ፤ እየቆየ ለዒድ እኔ ስደውል፣ ለፋሲካ እሱ ሲደውል፣ «ደህና ናችሁ? ደህና ነን» ብቻ ሆነ። ይሄ ነገር ያበሳጨኝ ጀመር። የሰው ልጅ የልጅነት ጠላቱን ካጣ ምን ቀረው?

ለዚህ ነው ሁለቱንም መጽሐፍ ሙሉውን ፈልጊልኝ ብዬ የእህቴን ልጅ ያስቸገርኳት፤ ማስረጃ ይዤ ጀማልን እንደ ድሮው አንገቱን ላንቀው። ቁልቢ ይቅር ይበለኝ፣ መሐላዬን አፍርሼ ሁለቱንም አነበብኳቸው። ስጨርስ እንደ ጨው ሐውልት ደርቄ ቀረሁ። «የጨው ፕላኔት» የሚያልቀው በሳቁ ነው፤ ዓይነ ስውሩ ሻምበል ደጃፍ ላይ የሚቀመጠው «የምድር ውስጥ ፀሐይ» መጨረሻ ላይ ነው። ያ ጋሽ ታደሰ፣ አፈሩን ያቅልልለትና፣ ጠመኔው ሲጠፋበት የሁለቱን መጽሐፍ ታችኛ ግማሾች ስም አቀያይሮ ጽፎባቸው ኖሯል። እኔ ዕድሜዬን ሙሉ ጥብቅና የቆምኩለት መጨረሻ የጀማል ነበር፤ ጀማል ሠርጉን ሊሰርዝለት የነበረው ደግሞ የእኔ። ለቀጣዩ የዓለም ጦርነት የሚበቃ ነገር እጄ ላይ ወደቀ ብዬ በማግስቱ ሱቄን ዘግቼ ገለምሶ ሄድኩ።

ጀማል ወፍሯል። መጋዘኑ ደጃፍ ላይ ሁለት ስልክ ይዞ ቆሟል፤ ሠራተኞቹ ጫት ይጠቀልላሉ፣ የሚጫንበት መኪና ሞተሩን አስነስቶ ይጠብቃል። ሲያየኝ አቀፈኝ፣ ከዚያም ወደ ሠራተኞቹ ዞሮ «ወንበር አምጡላቸው፣ እሳቸው የልጅነት ጓደኛዬ ናቸው» አለ። እሳቸው! አያቱን ሳይቀር አንተ በሚል አገር፣ ቆርቆሮ ራስ ይለኝ የነበረ ሰው እሳቸው አለኝ። ወንበሩ ላይ ስቀመጥ አሥር ዓመት ያረጀሁ መሰለኝ።

ሁለቱን መጽሐፍ ዘርግቼ ሁሉንም ነገርኩት፤ መቀሱን፣ ጠመኔውን፣ የተቀያየሩትን ግማሾች። ፈገግ ብሎ ሰማኝ። አንደኛው ስልክ ጮኸ፣ አነሳው፣ ስለ መኪናው ተነጋገረ፣ ዘጋው።

«ገብቶሃል?» አልኩት። «በመጨረሻው ግማሽ ከተፈረደ ያንተ ያሸንፋል፣ በመጀመሪያው ከተፈረደ የእኔ!»

«ሁለቱም ጥሩ ናቸው ወንድሜ» አለኝ።

«ምን ማለት ነው ሁለቱም? ተከራከረኝ እንጂ!»

«አንተ ነህ ልክ። ድሮም ልክ ነበርክ።»

በአባ ኡርጂ ስም እምላለሁ፣ በጥፊ ቢመታኝ ይሻለኝ ነበር። እልኬ መጥቶ «የጨው ፕላኔት»ን አንስቼ «እንካ ውሰደው!» አልኩት፤ ወላሂ ብሎ የማለበትን መጽሐፍ ፊቴ ላይ እንዲወረውርልኝ ነበር ልመናዬ። በሁለት እጁ ተቀበለኝ። «አመሰግናለሁ፤ ለልጆቹ ይሆናል» ብሎ ከሚዛኑ አጠገብ አስቀመጠውና፣ ምሳ ሳትበላ አትሄድም ብሎ ሥጋ አስቆረጠልኝ። እንደ እንግዳ በላሁ። ሲሸኘኝም ቦርሳዬን ከእጄ ቀምቶ ራሱ ተሸከመልኝ።

ሚኒባሱ ውስጥ ከተሳፈርኩ በኋላ ብስጭቴ አልወርድ አለኝ። ሌላ ተከራካሪ ስለሌለኝ ሁለቱንም ወገን ራሴ ያዝኩ፤ አንዴ እንደ እኔ፣ አንዴ እንደ ጀማል። ከጎኔ የተቀመጡት እናት «አስተግፊሩላህ» እያሉ ወደ መስኮቱ ሸሹ። ግድ አልሰጠኝም። ለመጀመሪያው ሌላ መጀመሪያ ይተካለታል፤ ሰው ዕድሜ ልኩን ይዞት የሚዞረው ያለቀበትን ነው፤ እኔ ራሴ ያለቀስኩት በጀማል መጽሐፍ መጨረሻ ላይ አልነበር? ስል ስል፣ በዴሳ ከተማ ሳንደርስ ጀማል ረታኝ። አንደበቱን ተውሼለት እንኳ እንደዚያ አድርጎ ረታኝ። ይህን ሳይሰማ ማደር የለበትም ብዬ ደወልኩለት።

«ወንድሜ፣ ጭነት ላይ ነኝ» አለ ከሞተር ጩኸት መሐል። «በሰላም ደረስክ?»

ወደ ቺሮ የሚያሻግረን ተራራ ገና ፊታችን ነበር።

«ደርሻለሁ» አልኩት።