ኮርኒሱ የዘነበ ዕለት

ባለፈው ቅዳሜ የልጅ ልጄን ሊያገባ የሚያስበው ናትናኤል መሰላል ተሸክሞ መጣ። «አባባ፣ የጣሪያዎ ጠርዝ በስብሷል፤ ክረምቱ ሳይገባ ልጠግንልዎ» አለኝ። እኔም በረንዳዬ ላይ ቁጭ ብዬ ምስማር ሲመታ ስሰማ ሳቄ መጣ። ይሄን መሰላል እኔም ወጥቼበታለሁ፤ ያውም አሰብ፣ ከሃምሳ ዓመት በፊት።

ከጎጃም ተመድቤ ለማስተማር አሰብ ስወርድ ሃያ ሦስት ዓመቴ ነበር። የደጋ ሰው ነኝ፤ እኔ የማውቀው የቤት ጠላት ዝናብና ንፋስ ነው። አሰብ ደግሞ ዝናብ ብርቅ ነው፤ ያለው ወበቅ ነው፣ ከንፈርህን ብትልስ ጨው ነው። ታዲያ በዚያ ዝናብ በሌለበት አገር ዘነበወርቅ የምትባል ልጅ ወድጄ አረፍኩት!

አባቷ ጋሽ ተሰማ ወደብ ላይ ጸሐፊ ነበሩ፤ ከአፋቸው ቃል በግድ ነው የሚወጣው። የቤታቸውን ቆርቆሮ ዙሪያውን የሚከፍፈው ጣውላ ጨው በልቶት ተንጠልጥሏል፣ ከሥሩ ያለው የእንጨት ርብራብም ወላልቋል። እሱን ብጠግን ልባቸው ይራራልኛል ብዬ «አናጢነት ካባቴ ነው የተማርኩት» አልኳቸው። ውሸቴን ነው፤ አባቴ ገበሬ ነበር።

ጣውላውን ከአዲስ አበባ የሚመላለስ አንድ ሾፌር አመጣልኝ። ሁለት እሁድ ሙሉ ፀሐይ አናቴን እየጠበሰኝ ሠራሁ። ዘነበወርቅ የተጠበሰ ዓሣ በአዋዜ ይዛ ብቅ ስትል ድካሜ ጥፍት ይላል። የድሮው ርብራብ በየመሃሉ ክፍተት ነበረው። «ምን ዓይነት ሰው ነው ንፋስ እንዲገባ ክፍት የተወው?» ብዬ አሽቀንጥሬ ጣልኩትና በኮምፔንሳቶ ገጠምኩት፤ ስንጥቁንም አንድ ሳይቀር በስቱኮ ደፈንኩ።

ጀልባ የሚጠግኑ ሼህ አሊ የሚባሉ የአፋር ሽማግሌ ሲያልፉ ቆም ብለው አዩኝ።

«አስተማሪ፣ ቤቱን አነቅኸው» አሉ።

«ንፋስ እንዳይገባ ነው» አልኳቸው። ራሳቸውን ነቅንቀው መንገዳቸውን ቀጠሉ። አይ የኔ ነገር!

ጥር ላይ፣ ቀዝቀዝ ሲል፣ ሦስት ሽማግሌ ላክሁ። እሁድ በጠዋት ሦስቱም ነጭ ለብሰው ገቡ፤ እኔ ከመስኮቱ ሥር ተሸሽጌ አዳምጣለሁ። አንጋፋው መምህራችን ጉሮሯቸውን ጠርገው «ልጅዎን ለልጃችን...» ከማለታቸው ጠብ! መላጣቸው ላይ። ቀና ሲሉ ደግሞ ጠብ፣ ግንባራቸው ላይ። ዝናብ የለም፣ ሰማዩ ጥርት ብሏል፣ ኮርኒሱ ግን ያፈሳል።

ጋሽ ተሰማ ተነሡ። «እኔ ዘነበወርቅ ብዬ ስም ያወጣሁት ወርቅ ይዘንባል ብዬ እንጂ ቤቴ ያፈሳል ብዬ አይደለም! ኮርኒሴን ያላደረቀ ልጄን አያገባም!» መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ። ዘነበወርቅ ታለቅሳለች ብዬ ስፈራ በጓሮ በኩል አፏን በነጠላዋ ይዛ በሳቅ ትንፈቀፈቃለች። «በል አናጢው፣» አለችኝ፣ «ሼህ አሊ እግር ላይ ውደቅ።»

ወደቅኩ። ሼህ አሊም ሳይቆጡ አስረዱኝ፦ «ውሃ ከላይ ነው የሚመጣው የሚባለው በናንተ አገር ነው። እኛ ጋ ውሃው አየሩ ውስጥ ነው። ቆርቆሮው ሌሊት ይቀዘቅዛል፣ ያልበዋል። ንፋስ ካላለፈበት ላቡ የት ይሂድ?»

ጎረቤት ሁሉ እየሳቀብኝ የሠራሁትን በገዛ እጄ አፈረስኩ። አዲስ ርብራብ ጣት በሚያሾልክ ክፍተት መታሁ፤ ወፍ እንዳይገባም ከኋላው ወንፊት ሽቦ ወጠርኩ። ጋሽ ተሰማ ወር ሙሉ በየጠዋቱ ወንበር ላይ እየቆሙ ኮርኒሱን በመዳፋቸው ይዳስሱ ነበር አሉ። እኔ በዚያ ወር እህል አልበላልኝም፤ ብታመልጠኝስ እያልኩ ክፍል ውስጥ የተማሪዎቼን ስም እንኳ እስከ መሳት ደርሼ ነበር።

አንድ ቀን ትምህርት ቤቱ በር ላይ ቆመው አገኘኋቸው። «ደርቋል» አሉ። መንገድ ከጀመሩ በኋላ ዞር ብለው፣ «ሽማግሌዎችህን ላካቸው እንጂ!»

ሰው ሲወድ ቀዳዳውን ሁሉ መድፈን ያምረዋል፤ እኔም ቤትም ትዳርም መተንፈሻ እንደሚፈልግ የገባኝ ያኔ ነው። ይሄን እያሰብኩ ሳለ ናትናኤል ላቡን እየጠረገ ከመሰላሉ ወረደ።

«ጨረስኩ አባባ! አንዲት ቀዳዳ አልተውኩም፤ ንፋስ የሚባል ዝር አይልም!»

ዘነበወርቅ ከበሩ ላይ ቆማ ሰምታዋለች። «ልንገረው እንዴ?» አልኳት በሹክሹክታ።

«ተወው፣» አለች ነጠላዋን ወደ አፏ እየወሰደች፣ «ሽማግሌ የሚልክ ዕለት እኛ ጃንጥላ እናዘጋጃለን።»