ለበቅሎ የሄደ ጣሪያ

በእኛ አገር ቤት የሚሠራው ሁለት ቦታ ነው። ግድግዳው በቦታው ይቆማል፤ ጣሪያው ግን ሜዳ ላይ፣ መሬት ተቀምጦ ይታሰራል። ወጋግራው ጫፍ ለጫፍ ይገጠማል፣ ዙሪያውን በማገር ይከበባል፣ በልጥ፣ በዛፍ ቅርፊት ገመድ፣ ጥብቅ ተደርጎ ይታሰራል፤ ሲያልቅ የመንደሩ ወንድ በደቦ ይጠራና በትከሻው አንሥቶ ወስዶ ግድግዳው ላይ ያስቀምጠዋል። ሣሩን የሚለብሰው ከዚያ በኋላ ነው። አንኮበርን የማያውቅ ሰው ይህን ሁሉ ምን አመጣው ይል ይሆናል። ከቆላው ሽቅብ የሚመጣውን ነፋስ አንድ ቀን ግድግዳ ጫፍ ላይ ወጥቶ ይቅመሰውና ከዚያ ይጠይቀኝ።

ዘዴው ብልሃት ነው፤ አልክድም። እኔን ያቃጠለኝም ያው ብልሃቱ ነው። በትከሻ የሚመጣ ጣሪያ በትከሻ ይሄዳል። ይህን ከመንደራችን አንድም ሰው አስቀድሞ አላሰበውም።

ንጉሡ መቀመጫቸውን ወደ እንጦጦ ባዞሩበት ዘመን እኔ አዲስ ያገባሁ ደብተራ ነበርኩ። የምንኖረው በታላቅ ወንድሜ ቤት፣ ከሚስቱ፣ ከልጆቹና ከጥጆቹ ጋር ነው። ሚስቴ የመጀመሪያ ልጃችንን አርግዛ የመውለጃዋ ጊዜ ሐምሌ ላይ ይወድቅ ነበር። ከእኔ የጠየቀችኝ አንድ ነገር ብቻ ነው። በሰው ጓዳ፣ ጥጃ እያየኝ አልወልድም አለች። እኔም ክረምቱ ሳይገባ ቤት እንደማቆም ማልኩላት። ግድግዳውን ከወንድሜ ጋር ሆነን አቆምን፣ ጭቃውንም ራሴ አቡክቼ መረግሁ። የድጓ ዜማ የለመደ ሰው ጭቃ ሲረግጥ ማየት ለመንደሩ ትልቅ ሳቅ ነበር፤ ይሳቁ፣ ግድ አልነበረኝም።

ጣሪያውን የሠሩልን የሚስቴ አባት ናቸው። በዚያ አካባቢ የእሳቸውን ያህል ጣሪያ የሚያስር አልነበረም። አጭር ሰው ናቸው፤ ክንዳቸውም አጭር ነው፤ ሁሉን ነገር የሚለኩት በዚያው ክንዳቸው ነበር። ግድግዳዬን ለክተው ወደ ቤተ ክርስቲያኑ ሜዳ ሄዱና በካስማና በገመድ ክቡን መሬት ላይ አሰመሩ። ከዚያ ጥዱን እየጠረቡ፣ ልጡን እያራሱ፣ ከፋሲካ በኋላ ያለውን ጊዜ ሁሉ እዚያ ዋሉ። ልጃቸው የምትወልድበት ቤት ስለሆነ አንዱን ማሰሪያ ሁለት ጊዜ ያጠብቁ ነበር።

አንድ ቀን የመንደሩን ግብር የሚያስከፍለው ጭቃ ሹማችን መጣ። ጣሪያውን ዞሮ አየው፣ ወጋግራውን በእጁ ነቀነቀው፣ አመሰገነም። ስፋቱ ስንት ክንድ እንደሆነ ጠየቀ። አማቴ ደስ ብሏቸው ነገሩት። እኛም ሰውዬው ሥራ አድናቂ ሆነ ብለን ሸኘነው። ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል የሚለውን ተረት እያወቅን፣ ጭቃ ሹም በነጻ የሚያደንቀው ነገር እንደሌለ ሳናስብ ቀረን።

የደቦው ቀን ግንቦት መጨረሻ ላይ ደረሰ። ሚስቴ ያን ሆዷን ይዛ ጠላ ጠምቃ፣ ዳቦ ጋግራ ነበር። ወንዶቹ በሉ፣ ጠጡ፣ ተጫወቱብኝም፤ ደብተራው ዛሬ የቤት ጌታ ሊሆን ነው እያሉ። አንድ ሽማግሌ መረቁ። ሁሉም ጋቢውን አደግድጎ ከጣሪያው ሥር ገባ። ጭቃ ሹሙ ሁለት ጠመንጃ ያዥ አስከትሎ ብቅ ያለው ይህን ጊዜ ነው።

“የጌታው የበቅሎ ቤት ግድግዳ ቆሟል፤ ጣሪያው ይህ ነው” አለ። “አንሡና ተከተሉኝ።”

ጌታው የሚለው ከተማውን እንዲጠብቅ አንኮበር የቀረውን ሹም ነው። ሰው የመጥራት ድካም እንኳ አልነበረበትም፤ የእኔን ደቦ፣ በእኔ ጠላ የራሰውን፣ ዝግጁ ሆኖ አገኘው። የሰዎቹን ፊት አንድ በአንድ አየሁ። አንዱ መሬት መሬቱን ያያል፣ አንዱ ጋቢውን ያስተካክላል። ከሥሩ የወጣ ግን አልነበረም። አነሡት። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር ይባላል፤ በእኛ መንደር ያበረው ድር ያሰረው እኔን ነው።

ከሁሉ የባሰው አማቴ ናቸው። ከፊት ቀድመው በየት በኩል ዝቅ፣ በየት በኩል ቀስ እንደሚሉ ይነግሯቸው ጀመር። ሮጬ ደረስኩባቸውና ኩታቸውን ያዝኩ።

“አባቴ፣ ምን እያደረጉ ነው?”

“ከተጣመመ ለማንም አይሆንም፣ ልጄ” አሉኝ፤ ዓይናቸውን ከጣሪያው ሳይነቅሉ።

በዚያ ሰዓት ጠላኋቸው። ለልጃቸው እንጂ ለእንጨት የሚያዝኑ አልመሰለኝም ነበር።

ከበቅሎ ቤቱ ደርሰው ጣሪያውን ወደ ግድግዳው ቢያወጡት ጠበበ። ዳር እስከ ዳር አልደርስ ብሎ ወደ ውስጥ ሊገባ ነበር። ለካ ጭቃ ሹሙ አማቴ የነገሩትን የክንድ ቍጥር ይዞ ሄዶ፣ ግድግዳውን ያስለካው በአንድ ረጅም ወታደር ክንድ ኖሯል። አማቴ ጣሪያ እንደ ቆዳ እንደማይወጠር፣ ለዚህ ግድግዳ ሌላ ረጅም ወጋግራ እንደሚያስፈልግ ነገሩት። እንግዲያው ጌታው እስኪያስቡበት እዚያው ይቀመጥ አለ። በቅሎዎቹም በአሮጌው ቤታቸው ቆዩ። አዎ፣ እነሱስ ቤት ነበራቸው።

አቤት ልበል ብዬ ስነሣ ወንድሜ ሰማይ አይታረስ፣ ንጉሥ አይከሰስ ብሎ ያዘኝ። ንጉሡን ማን ከሰሰ፣ እኔ የምፈልገው ጣሪያዬን ነው አልኩት። ጭቃ ሹሙ ዘንድ ሄድኩ። ውሰድ አላልኩህም፣ አትውሰድም አላልኩህም አለኝ። ይህ ለእኔ ትልቅ ተስፋ ነበር፤ የጎደለኝ ትከሻ ብቻ ነው። ደቦ የበሉትን በየቤታቸው ዞርኩ። አንዱ ወገቡን አመመው፣ አንዱ እርሻ ደረሰበት፣ አንዱ ጌታው ቢጠይቁስ አለኝ። እንግዲያው አፍርሼ እንጨት በእንጨት ላመላልሰው ብዬ ልጡን መፍታት ስጀምር ጭቃ ሹሙ ሰማ። ማንሣት ሌላ፣ ማፍረስ ሌላ፤ የጌታን ዕቃ ያፈረሰ ይታሰራል ብሎ ላከብኝ። እስከ ትናንት የእኔ የነበረው ጣሪያ በምን ቀን የጌታው ዕቃ እንደሆነ የነገረኝ የለም።

ሰኔ ገባ። ዝናቡ ያን ባዶ ግድግዳ ከውስጥም ከውጭም ይገርፈው ጀመር። ምርጊቱ እየተላጠ ወረደ፤ ሐምሌ ሲጀምር የቀረው የእንጨቱ አጽም ነው። ጣሪያውም ከጌታው በቅሎ ቤት ደጅ እርጥብ ሣር ላይ ልጡ እየበሰበሰ ወደ አንድ ጎን ተኛ። አማቴ በዚያ መንገድ ማለፍ ትተው ገበያ የሚሄዱት በሩቁ ዞረው ነበር። እንዳያዩት ብለው መሆኑ ሲገባኝ በእሳቸው ላይ የነበረኝ ጥላቻ ወጣልኝ፤ ምሬቱ ግን ዛሬም አለ።

ሚስቴ በወንድሜ ጓዳ፣ ከጥጆቹ ጀርባ ወለደች። ወንድ ልጅ ነው። የመንደሩ ሴቶች እንኳን ማርያም ማረችሽ እያሉ ገቡ፤ ገንፎ ቀርቦላቸው ዙሪያውን ተቀመጡ። ሚስቴ ከደቦው ቀን ጀምሮ ስለ ጣሪያው አንድ ቃል ተናግራ አታውቅም ነበር። ልጁን ደረቷ ላይ አድርጋ ቀና አለችና በዝግታ፦

“ጣሪያዬን ለበቅሎ ሲሸከሙ ባሎቻችሁን ትከሻቸውን አላመማቸውም” አለች። “መልሱልን ስንል ምን አመማቸው?”

ሴቶቹ አቀረቀሩ። ገንፎውን ግን ጨርሰው ነው የሄዱት።