የእትዬ ጠብታ ብልቃጥ

እህቴ በኮሌጁ የባዮሎጂ መምህርት ነበረች። ክረምት ገብቶ ተማሪዎቿ ሲበተኑ፣ ከየትምህርት ቤቱ ለሥልጠና የሚመጡትን የሳይንስ መምህራን ትቀበል ነበር። እኔ የዚያው ኮሌጅ መዝገብ ቤት ኃላፊ ነኝ። የሠልጣኞቹን ስም የምመዘግበውም፣ የምስክር ወረቀታቸውን የማዘጋጀውም እኔ ነኝ። ስለ እሷም ያየሁትን ብቻ እጽፋለሁ። ምክንያቱን ያላገኘሁለት አንድ ነገር አለ፤ እሱንም እንዳለ አስቀምጠዋለሁ።

ሠልጣኞቹ «እትዬ ጠብታ» ይሏት ነበር። በመጀመሪያው ቀን መጽሐፍ አታስከፍትም። የኩሬ ውሃ በባልዲ ታስመጣና ለእያንዳንዱ አንዲት ጠብታ ስላይድ ላይ አድርጋ፣ «በማይክሮስኮፑ የምታዩትን ሳሉ፤ የምታውቁትን አላልኩም» ትላለች። ዕድሜ ልኩን ሲያስተምር የኖረ ሰው ላብ በላብ ይሆናል። እጁ የሚሄደው መጽሐፉ ላይ ወደለመደው ሥዕል ነዋ።

አንድ ክረምት አንድ መምህር ቀስት የመሰለ ጥቁር ነገር ሳለ። ሥሩ ወፈር፣ ጫፉ ቀጠን ያለ፣ ንጹሕ ሥዕል። እህቴ ወረቀቱን ብቻ አይታ፣

«እስቲ ዓይንህን ጨፈን ገለጥ አድርግ» አለችው።

«እትዬ፣ ተንቀሳቀሰ። ሕይወት አለው።»

«ምን ይሳነዋል። የራስህ ሽፋሽፍት ነው።»

ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። ጀማሪ ዓይኑን ከማይክሮስኮፑ መነጽር ጋር ሲያጣብቅ የራሱን ሽፋሽፍት እንደሚያይ ሁሉም ያውቁ ነበር፤ እንዲህ አሳምሮ የሳለው ግን አልነበረም። ከዚያ ቀን ጀምሮ ስሙ «ሽፋሽፍት» ሆኖ ቀረ። ሌላ ሰው ቢሆን አኩርፎ ይቀር ነበር። እሱ በየክረምቱ ተመለሰ፤ ኋላም ኮሌጁ ተቀጥሮ ረዳቷ ሆነ።

ሥልጠናው ሲያልቅ አንድ ወግ ነበራት። እያንዳንዱ ሠልጣኝ አንድ ብልቃጥ ወስዶ ጭቃ፣ የኩሬ ውሃ፣ ጥቂት የውሃ ቅጠልና አንድ ቀንድ አውጣ ይጨምርበታል። ከዚያ የመጠጫ ስትሮ ውሃው ውስጥ ነክሮ እስትንፋሱን እፍ ይልበትና ክዳኑን በሰም ያሽገዋል። «የተቃጠለ አየራችሁን ቅጠሉ ይበላዋል» ትላቸዋለች። «የከርሞ ሰው ይበለን፤ ስትመለሱ ምን እንዳደረገው እናያለን።» በሚቀጥለው ክረምት ብልቃጡ በሁሉም ፊት ይከፈታል። የመጀመሪያዋ ጠብታ የባለቤቱ ናት።

ብልቃጦቹ ዓመቱን ሙሉ በቤተ ሙከራው መደርደሪያ ላይ ይቆያሉ። እዚያ ክፍል ብቻዬን መግባት አልወድም ነበር። ጠዋት ጠዋት መስታወታቸው ከውስጥ ያልበዋል፤ በእያንዳንዱ ውስጥ አንድ ሰው አፉን ለጥፎ የሚተነፍስ ይመስላል። የጽዳት ሠራተኛዋ ወለሉን እስከ መደርደሪያው ድረስ ታጥብና ትመለሳለች። «እየተነፈሱ እኮ ነው፣ ልጄ» ትለኛለች፣ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ። «ሰው ሲተኛ ይረበሻል?»

ባለፈው ክረምት እህቴ ታማ ነበር። ሕክምናው ፀጉሯን ጨርሶ ቅንድቧንና ሽፋሽፍቷን ማርገፍ ጀምሮ ነበር። «በመላጣነትም ቀደምኩህ፤ ታላቅ መሆን ጥሩ ነው» ትለኝ ነበር፣ ሻሿን እያጠበቀች። በሥልጠናው መጨረሻ ቀን ብልቃጧን እኔ ያዝኩላት። ፊቷን እስከ ብልቃጡ አፍ አጎንብሳ ትነፋለች፣ ታርፋለች፣ ደግሞ ትነፋለች። ውሃው ሲንቦጫቦጭ እጄ ላይ ይሰማኝ ነበር።

ሰሙን ራሷ አፈሰሰችና ወደ ሽፋሽፍት ዞረች። «ኖርኩም አልኖርኩም ለከርሞ ይከፈታል። ይሄ ወንድሜ እንደ ፋይል ቆልፎበት እንዳይቀር፣ አደራ።»

ዓመቱ ሳይዞር ሞተች።

ከቀብሯ በኋላ ብልቃጡን ወደ ቢሮዬ አመጣሁት። የመዝገብ ሰው ዋጋ ያለውን ነገር የሚያስቀምጠው ብርሃን በማይደርስበት ቦታ ነው። የብረት ቁም ሳጥኑን ከፍቼ ላስገባው ስል ሽፋሽፍት ደረሰ።

«ጋሼ፣ ምን እያደረጉ ነው?»

«እያስቀመጥኩት።»

«ጨለማ ውስጥ ከገባ እኮ ይሞታል። ይስጡኝ» ብሎ መስኮቱ ላይ አኖረው።

ከማግስቱ ጀምሮ መስታወቱ ማላብ ጀመረ። የሚያልበው በአንድ በኩል ብቻ ነው፤ ወደ ወንበሬ በዞረው በኩል። አዞርኩት። በነጋታውም ላቦቱ በእኔ በኩል ነበር። ወንበሬን ወደ በሩ ጥግ አዛወርኩ፤ ላቦቱም ወደ በሩ ጥግ ዞረ። ለሽፋሽፍት ነገርኩት።

«ቅዝቃዜ ነው፣ ጋሼ። መስታወት በቀዘቀዘው በኩል ያልበዋል።»

«የሚቀዘቅዘው እኮ በመስኮቱ በኩል ነው።»

ብልቃጡን አየው፤ ወንበሬን አየው። «ልክ ነዎት» አለና ሌላ ወሬ አነሳ።

ክረምት ደረሰ። ሠልጣኞቹ ተመለሱ፤ ሥልጠናውን የሚመራው አሁን ሽፋሽፍት ነው። ብልቃጦቹ በሚከፈቱበት ቀን ከሰዓት ቢሮዬ መጣ።

«ጋሼ፣ እየጠበቁን ነው።»

«የየራሳችሁን ክፈቱ።»

«የእሷስ?»

«እስትንፋሷ ነው ያለበት። ከከፈታችሁት ሄደ። ሌላ ምን ቀረኝ?»

ፊት ለፊቴ ተቀመጠ። «እስትንፋሷንማ ቅጠሉ በልቶታል፣ ጋሼ። ራሷ ያስተማረችን ነው።»

«እንዲያ ከሆነ ምኑን ልታዩ ነው?»

«እኔ እንጃ። አደራ ጥብቅ፣ ሰማይ ሩቅ፤ ቃል ገብቼላታለሁ።»

ተነሣሁ። ብልቃጡን ግን ለማንም አልሰጠሁም፤ ራሴ ወደ ቤተ ሙከራው ተሸክሜው ሄድኩ።

ሽፋሽፍት ሰሙን በቢላ ዙሪያውን ፈቅፍቆ ክዳኑን አላላው። ከብልቃጡ ውስጥ ድምፅ ወጣ፤ ሸክሙን ያወረደ ሰው የሚያወጣው ዓይነት፣ ረጅም። ከኋላ ወንበር አንዲት መምህርት ብድግ አለች። ከዚያ ሁሉም ተነሡ።

«ቅጠሉ ያወጣው አየር ታምቆ ነው» አለ ሽፋሽፍት። ማንም አልተቀመጠም።

አንዲት ጠብታ ስላይድ ላይ አድርጎ ወንበሩን ሳበልኝ። «የባለቤቷ ጠብታ ናት። እርስዎ ይዩላት።»

መጀመሪያ ያየሁት ብርሃን ብቻ ነበር። ቆይቶ አረንጓዴ ቅንጣቶች ታዩኝ። በመካከላቸው አንድ ጥቁር ነገር ተጋድሟል፤ ሥሩ ወፈር፣ ጫፉ ቀጠን ያለ፣ እንደ ቀስት የጎበጠ። እርሳስ ይዤ ሳልኩት።

ሽፋሽፍት ወረቀቱን አየና ፈገግ አለ፤ እሷ ከሞተች ወዲህ ሲስቅ አላየሁትም ነበር። «እንኳን ወደ ቤተሰቡ በደህና መጡ፣ ጋሼ። የራስዎ ነው። ጨፈን ገለጥ ያድርጉ፣ ይንቀሳቀሳል።»

ጨፈን ገለጥ አደረግሁ። ዓይኔን አርቄ እንደገና አየሁ።

«አይንቀሳቀስም» አልኩት።

እየሳቀ ተተካኝ። ጨፈን ገለጥ ሲያደርግ ከጎኑ ሆኜ አየዋለሁ። ከዚያ ስላይዱን በጣቱ ጫፍ ትንሽ ገፋ አደረገው፤ ስላይዱ ሲሄድ አብሮ እንደሚሄድ ለማየት። ሳቁ ጠፋ።

«ስትነፋ» አለ፣ ቀና ሳይል። «ያኔ እየረገፈ ነበር፣ አይደል?»

«ነበር።»

መምህራኑ ተራ ይዘው አንድ በአንድ አዩ። ሥዕሉን አንሥቼ ከግርጌው ምን እንደሚጻፍ ጠየቅሁት፤ እህቴ ያለ ስያሜ ሥዕል አትቀበልም ነበር።

«ያዩትን ይጻፉ» አለኝ።

«ሽፋሽፍት» ብዬ ጻፍኩ። የማን እንደሆነ አልጨመርኩም።

ብልቃጡ ክፍቱን መስኮቴ ላይ አለ፤ ቅጠሉም አልሞተም። መስታወቱ ከዚያ ቀን ወዲህ አልቦት አያውቅም። ወንበሬን ወደ ቀድሞ ቦታው መልሼዋለሁ፤ ጠዋት ስገባ ግን ኮቴን ሳልሰቅል መጀመሪያ የማየው በእኔ በኩል ያለውን መስታወት ነው።