እጅ መታጠብ ያስተማርኳቸው ሴት

የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ ሆኜ ከአቃቂ ወጣ ብሎ ባለ የገበሬ መንደር ስመደብ ሃያ ሦስት ዓመቴ ነበር። ከሳሪስ አቃቂ በታክሲ፣ ከአቃቂ አስፋልቱ እስኪያልቅ በባጃጅ፣ ከዚያ ወዲያ በእግር ነው። ክረምት ሲሆን ጥቁሩ ጭቃ ጫማ ከእግር ላይ ያወልቃል። ሥራዬ ቤት ለቤት እየዞርኩ ማስተማር ነበር፤ መጸዳጃ እንዲቆፍሩ፣ ከብቱን ከሰው ማደሪያ እንዲለዩ፣ ከምግብ በፊት በሳሙና እንዲታጠቡ፣ ልጆቻቸውን አትክልት እንዲያበሉ። አብዛኞቹ በትህትና ያዳምጡኝና እንደ ነበሩ ይቀጥላሉ። ከሩቅ ሲያየኝ በጓሮ የሚወጣም አልጠፋም።

አንዲት ሴት ግን ሰሙኝ። ባላቸው የሞተባቸው፣ ስድሳን የተሻገሩ ገበሬ ነበሩ። ልጃቸው ቃሊቲ ፋብሪካ ተቀጥራ እዚያው ስለምትኖር የአራት ዓመት ሴት ልጇን እሳቸው ያሳድጋሉ። የመጸዳጃውን ጉድጓድ ሰው ሳይለምኑ ቆፈሩት፤ እስከ ወገባቸው ገብተው አፈር ሲያወጡ ደርሼባቸዋለሁ። በሩ አጠገብ ቢጫ ጀሪካን በስተው ሰቀሉ፤ ሳሙናውን ዶሮ እንዳይጭርባቸው በአሮጌ ካልሲ ከትተው አንጠለጠሉት። ያልኳቸውን ሁሉ አንድ ሳይጎድል አደረጉ።

ወንዙ ዳር ያለችውን ማሳቸውን ጎመን፣ ካሮትና ቀይ ሥር እንዲያደርጓት የመከርኳቸውም እኔ ነኝ። ድሮ ሽምብራ ነበር የሚዘሩባት። ወንዙ በበጋ ይጠቁራል፣ አረፋ ይዞ ይወርዳል፣ ሽታው ጤና ኬላው ድረስ ይመጣል። ዘሩን ከመበተናቸው በፊት ጠየቁኝ።

«ልጄ፣ ይሄን ውሃ ከብቶቼ እንኳን አሽትተው ይመለሳሉ። ለሚበላ ነገር ይሆናል?»

መልሱን አላውቀውም ነበር። ተቆጣጣሪያችንን ብጠይቀው የወንዙ ነገር የእኛ ሥራ አይደለም፣ አጥበው ይብሉ በያቸው አለኝ። ተመልሼ ሄድኩና በደንብ ካጠቡት ምንም አይልም አልኳቸው። አላውቅም ማለት እኮ እችል ነበር። ዩኒፎርም ለብሼ አላውቅም ማለት አሳፈረኝ።

አትክልቱ አማረ። ከቀበሌ መጥተው ፎቶ አነሱ፤ ቤታቸው ሞዴል ተባለ። ከሌላ መንደር ሰው ሲመጣ ወደ እሳቸው ነበር የምወስደው። ሕፃኗ ካሮት ከማሳው እየነቀለች፣ አያቷ በሚያጥቡላት ሣህን እየነከረች ጥሬውን ትቆረጥም ነበር። ለዓይን ጥሩ ነው ያልኩት እኔ ነኝ።

ከዚያ ሕፃኗ መታመም ጀመረች። ተቅማጥ ይይዛታል፣ መድኃኒት ወስዳ ይሻላታል፣ ሳምንት ሳይቆይ ያገረሽባታል። ሆዷ ተነፍቶ እግሯ እንደ እንጨት ቀጠነ። እኔ ቅጼን ይዤ ሄድኩና መረመርኳቸው። ውሃ ያፈላሉ ወይ፣ ከመጸዳጃ መልስ ትታጠባለች ወይ፣ ሣህኑ ይከደናል ወይ። ሁሉም ተሟልቷል። ያም ሆኖ ጥፋቱን ከእሳቸው ላይ አላነሳሁም፤ ምናልባት አንዳንዴ ሳሙናውን ይዘነጉት ይሆናል አልኳቸው። አንገታቸውን ደፍተው፣ «ሳልዘነጋ አልቀርም» አሉ። በሚቀጥለው ስሄድ የሕፃኗ እጅ ከመታጠብ ብዛት ተሰነጣጥቆ ነበር።

በኋላ ለሥልጠና ክፍለ ከተማ ተጠራን። የወንዙን ውሃ የመረመረ አንድ ባለሙያ በዚያ ውሃ የበቀለ አትክልት ጥሬውን እንዳይበላ፣ ማብሰልም የማያወጣው ነገር እንዳለበት አስረዳን። ተቆጣጣሪያችን መመሪያ እስኪመጣ ለገበሬው እንዳንናገር አስጠነቀቀን፤ ሰው ይደናገጣል፣ እንጀራውም ነው አለ። እሺ አልን። እኔ ከዚያ ቀን ጀምሮ የዚያን ወንዝ ጎመን አልቀመስኩም።

ሴትየዋ ግን ቤታቸው በሄድኩ ቁጥር አንድ እስር ጎመን ያሲዙኛል። እንቢ ብል ይቀየማሉ ብዬ እቀበላለሁ። ወስጄ ከጤና ኬላው ጀርባ እጥለዋለሁ።

ሁለት ወር እንደዚህ አለፈ። አንድ ጠዋት ሕፃኗን አዝለው ጤና ኬላው መጡ። መድኃኒቱን ሳዘጋጅ ልጅቷ አመለጣት፤ ሊያጥቧት ወደ ጀርባ ይዘዋት ዞሩ። ሲቆዩብኝ ወጣሁ። ከቆሻሻው አጠገብ ቆመዋል። እስሮቹ ገሚሱ ደርቆ፣ ገሚሱ በስብሶ ተከምሯል፤ ሁሉም በእሳቸው አሮጌ ነጠላ ቅዳጅ የታሰሩ ናቸው።

«ከመቼ ጀምሮ ነው ያወቅሽው?» አሉኝ።

«ሁለት ወር ሆነኝ፣ እማማ።»

የሰማሁትን በሙሉ ነገርኳቸው። አልጮሁም፣ አልተራገሙም። ሕፃኗን መልሰው እያዘሉ፣ «እኔ እኮ ራሴን ነበር ሳማ የከረምኩት» አሉ። ከዚያ ሄዱ።

በማግስቱ ብቻቸውን ማሳውን በዶማ ገለበጡት። ጎረቤቶቻቸው አበዱ አሏቸው። እነሱ ያንኑ ውሃ በሞተር እየሳቡ ቀጠሉ፤ አይሱዙው ዛሬም ጎመኑን ጭኖ ወደ ከተማ ይገባል። ሕፃኗ ቀስ በቀስ አገገመች። መመሪያው እኔ እዚያ እስከነበርኩ ድረስ አልመጣም።

ዓመቱ ሲያልቅ የሞዴል ቤቶች ዝርዝር ታደሰ። የጓሮ አትክልት የሌለው ቤት ሞዴል መሆን አይችልም። ቅጹን የምሞላው እኔ ነበርኩ፤ በእሳቸው ስም ትይዩ «አያሟላም» ብዬ ጻፍኩ። የሚያነበው ስለሌለ ምክንያቱን ብጽፍም ያው ነው ብዬ ለራሴ ነገርኩት፤ እንጂ ፈርቼ ነው።

እኔ አሁን ቢሮ ነው የምሠራው። ባለፈው ዓመት በቃሊቲ ማረሚያ ቤት በኩል ሳልፍ ጠያቂዎች በሚሰለፉበት ጥግ ቆሎ ዘርግተው አየኋቸው። ሕፃኗ አድጋለች፤ የተማሪ ቤት ልብስ ለብሳ አጠገባቸው ተቀምጣለች። ጎንበስ ብዬ ሰላም አልኳቸው፣ ስለ ጤንነታቸው ጠየቅኩ።

«እግዚአብሔር ይመስገን» አሉ። «እርስዎስ ደህና ነዎት?»

የልጅ ልጃቸው ማን እንደሆንኩ ጠየቀቻቸው። ከጤና ቢሮ የመጡ ሴትዮ ናቸው ብለዋት ለሚቀጥለው ሰው ቆሎ መስፈር ጀመሩ።