የዓም እድሪስ ዘይቱን

ይህን ለንስሐ አባቴ እንኳ ተናግሬው አላውቅም። ላንተ፣ አንባቢዬ፣ የምነግርህ ፊቴን ስለማታየው ይሆናል።

ሱዳን፣ ገዳሪፍ ከተማ ውስጥ በሐጃ ዘይነብ ግቢ እሠራለሁ። ሐጃ ከወሎ መጥተው ጨርቅ የሚነግዱ ሴት ናቸው፤ ልባቸው ግን ከሱቁ ይልቅ ግቢያቸው ካለው ማንጎና ዘይቱን ዘንድ ነው። በተበሳ የውሃ ፕላስቲክ የኮመጠጠ የማንጎ ጭማቂ አድርጌ ከቅርንጫፍ እሰቅላለሁ፤ በየሳምንቱ የገባውን የፍራፍሬ ዝንብ አይቼ እነግራቸዋለሁ። ጥብቅ ትእዛዛቸው አንድ ነበር፤ የወደቀውን ትላም ፍሬ በየቀኑ ለቅሜ በጥልቅ ጉድጓድ እንድቀብር።

እኔ አልቀበርኩም። በሰሊጥ አረም ወቅት ጦሜን ያደርኩ የመተማ ልጅ፣ እህል መጣል ኃጢአት ነው ተብዬ ያደግሁ ሰው፣ ግማሹ ደህና የሆነ ዘይቱን እንዴት አፈር ላልብስ? ትላሙን ቆርጬ አደርቀዋለሁ ብዬ ከመጋዘኑ ጀርባ በጆንያ ሸፈንኩት። ከዚያ ሥራ በዛና ተውኩት። ሐጃ ሲጠይቁኝ ግን ቀብሬያለሁ አልኩ። በየቀኑ ቀብሬያለሁ አልኩ።

ፕላስቲኩ በዝንብ ጠቆረ። ሐጃ ቢቸግራቸው፣ ግንቡን ተሻግሮ ወደ እኛ ያዘነበለውን የጎረቤታችንን የዓም እድሪስን ዘይቱን ጠረጠሩ። ዓም እድሪስ፣ አጎት እድሪስ ማለት ነው፣ ሱዳናዊ ሽማግሌ ናቸው፤ ዛፉን የተከሉት ሟች ባለቤታቸው ነበሩ። በየጠዋቱ በግንቡ ብቅ ብለው «ያ ወለዲ፣ ልጄ፣ እናትህ እንዴት ናት?» ይሉኝ ነበር። በዚያ ከተማ ስለ እናቴ የሚጠይቀኝ ሌላ ሰው አልነበረኝም።

ሐጃ ሳይቆጡ ችግሩን አጫወቷቸው። ሽማግሌው ገብተው መጥረቢያ ይዘው ወጡ።

«ጎረቤት ከዛፍ ይበልጣል» አሉና መጥረቢያውን ለእኔ ሰጡኝ።

እኔ ቆረጥኩት። በዚህ በእጄ፣ እያለቀስኩ ቆረጥኩት። አንድ ቃል ብተነፍስ ይተርፍ አልነበረም? እንጀራዬን እንዳላጣ ፈራሁ እንዳልል፣ ሐጃ እንደማያባርሩኝ አውቃለሁ። ውሸታም መባል አሳፈረኝ፣ ሌላ ምክንያት የለኝም።

ከሳምንት በኋላ ጆንያውን አነሳሁ። ከሥሩ ስንዴ የሚያካክሉ ቡናማ ቅርፊቶች አፈሩን ሞልተውታል፤ ዝንቡ ሁሉ የሚፈለፈለው ከዚያ ነበር። ሰው ሳያየኝ ቀበርኩት። ዝንቡም ቀነሰ። ሐጃ ታዲያ፣ ጥፋቱ የዚያ ዛፍ ኖሯል ብለው አረፉ።

ዓም እድሪስ በዓመቱ ልጃቸው ዘንድ ወደ ከሰላ ከተማ ሄዱ። ይናፍቁኛል። ጠዋት ግቢ ስጠርግ ቀና ብዬ ግንቡን አያለሁ፤ ድምፃቸውን አንዴ ብሰማ እላለሁ። የበደለ ሰው የበደለውን መናፈቅ ይገባዋል? እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይባላል፤ እኔ አፌን ከዘጋሁ በየት በኩል ይጠራል?

ይቅር በለኝ አልልህም፤ ይቅርታው ያንተ አይደለም።

ዛሬ ከከሰላ የመጣ ነጋዴ መልእክታቸውን አደረሰኝ።

«ዛፉን ሲቆርጥ ያለቀሰልኝን ልጅ አላህ ይባርከው፣ በለው ብለውኛል» አለኝ።

አሜን አልኩ።