ምስጋና ሳጥን የገባው ደረሰኝ

አባቴ በሬውን ሸጦ የማዳበሪያ ዕዳውን በከፈለ ሳምንት፣ እሑድ ቤተ ክርስቲያን ሄደና ደረሰኙን አጣጥፎ ምስጋና ሳጥን ውስጥ ከተተው። ማንበብ አይችልም። ሌላው ምእመን “ልጄ ዳነልኝ” እያለ ምስጋናውን አስጽፎ ያስገባል፤ እሱ ግን ዕዳው ማለቁን የሚናገር፣ ያውም ማኅተም ያለበት ወረቀት በእጁ ነበር። ሌላ ማስጻፍ ለምን ያስፈልገዋል? የጉባኤው ሽማግሌ ወረቀቱን ከፍ አድርገው “ወንድማችን ከዕዳ ነጻ ወጣ” ሲሉ ሴቶቹ እልል አሉ። ከዚያ እንደ ልማዳችን በወረቀቶቹ ላይ ተጸልዮ ሁሉም ተቃጠሉ። እኔ አስተማሪዋ ልጁም እዚያው ነበርኩ፤ አብሬ እልል አልኩ። እስከ ዛሬ ራሴን ይቅር አላልኩም።

ጉኑኖ አጠገብ ባለው ቀበሌያችን ገበሬ ማዳበሪያ የሚበደረው አምስት አምስት ሆኖ ነው። አንዱ ካልከፈለ አምስቱም አያገኙም። በልግ ሊገባ ሲል ብድር ቢሮው ዕዳ ያልከፈሉ ሰዎችን ስም ለጠፈ፤ የአባቴም ስም አለበት። አባቴን ይዤ ቢሮው ሄድኩ።

“አባባ፣ ደረሰኙን ያምጡና አሁኑኑ እሰርዘዋለሁ” አለ ጸሐፊው። ትሁት ልጅ ነበር።

“ለጌታ ሰጠሁት” አለ አባቴ።

ጸሐፊው ሳቀ። በሌላ ቀን ቢሆን እኔም እስቅ ነበር።

ገንዘቡን የተቀበለው ሠራተኛ ቦምቤ ተዛውሯል አሉኝ። ቦምቤ ሄድኩ። አባቴን በደንብ ያስታውሰዋል፤ የደረሰኙን ቀሪ ግን ሶዶ ላለው ዞን ቢሮ አስረክቧል። ሶዶ “ወረዳው ይጻፍልን” አለ፤ ወረዳው “ዞን ካላዘዘን አንነካም” አለ። የጉባኤው ሽማግሌ ምስክርነት ሊሰጡ ቢመጡ ጸሎት ሒሳብ አይዘጋም ተባሉ። ውሃ ቢወቅጡት እንቦጭ! ከደመወዜ ግማሹ በአውቶቡስ አለቀ።

በዚያ ዓመት በአምስቱም ማሳ ላይ በቆሎው ቢጫ ሆኖ ቀረ። ጎረቤቶቹ አንድም ክፉ ቃል አልተናገሩትም፤ ቢሰድቡት ይሻለው ነበር። ደቦ ሲጠሩ የእኛን ደጅ እያለፉ መሄድ ጀመሩ።

ሁለተኛው በልግ ሲቃረብ አራቱ ሌላ አምስተኛ ሰው ይዘው ቢሮ ሄዱ። እኔ ከዕዳ ዝርዝር ማስወጣት ያቃተኝን ስም እነሱ ከቡድኑ ያስወጡት በአንድ ጠዋት ነው፤ አንድ ገጽ ማመልከቻ፣ አራት የጣት አሻራ በቃ። ለካስ ያ ቢሮ ስም መሰረዝ ያውቅበታል።

ለአባቴ የነገርኩት እኔ ነኝ። “እነሱም ልጆች አሏቸው” አለ። ቆይቶ በወላይትኛ ጠየቀኝ፤ “ልጄ፣ ምናልባት አልከፈልኩ ይሆን?”

የሚቀልድ መስሎኝ ቀና ብዬ አየሁት። እውነቱን ነበር የሚጠይቀኝ።