በጥምጥም የታሰረ ሱሪ

የተያዝኩት ቱታዬን ካወለቅኩ በኋላ ነው። ቱታዬን እንደለበስኩ ቢይዙኝ ኖሮ ከምናገረው ውርደት ግማሹ አይደርስብኝም ነበር። ከጠዋት ጀምሮ ጋራዥ ውስጥ መኪና ስር ቆይቼ፣ ምሳ ልበላ ብዬ የታላቅ ወንድሜን ሱሪ አጥልቄ ስወጣ ፖሊሶች በር ላይ ጠበቁኝ። ወንድሜ ወፍራም ነው። ከአሰላ ወጣ ብላ ወዳለች ትንሽ ከተማ ወሰዱኝና ጣቢያው በር ላይ ቀበቶዬን፣ የጫማዬን ክርና ስልኬን ተቀበሉኝ። ከዚያ ቀን ጀምሮ የግራ እጄ ሥራ ሱሪ መያዝ ሆነ።

ያስገቡን ቤት ድሮ የእህል መጋዘን ነበር። ቆርቆሮው ብርዱን ያባብሳል፤ ግድግዳው ስንዴ ስንዴ ይሸታል፤ ነቀዙ አንገታችን ውስጥ ይገባል። የእኔ ወንጀል መጠገን ነው። ሁለት ሰዎች መንገድ ላይ የቆመች መኪና አሳዩኝ፤ ሠራሁላቸው፤ ሄዱ። በኋላ የጫካ ሰዎች ናቸው ተባለ።

መርማሪዬ አንድ ወጣት ሳጅን ነበር።

"ስትጠግን መኪናው ማንን እንደሚጭን አትጠይቅም?" አለኝ።

"ሳጅን፣ እኔ የምጠይቀው ምን ምን ይላል ብዬ ነው። ሲነሳ ነው ወይስ ማርሽ ሲገባ?"

በጥፊ አጮለኝ። ያሳፈረኝ ጥፊው አይደለም። ሁለቱም እጆቼ ወደ ፊቴ ሲሄዱ ሱሪዬ ወደ ጉልበቴ ወረደ። ጥግ ላይ የተቀመጠችው ጸሐፊ ፊቷን ወደ መስኮቱ አዞረች። ምነው በሳቀችብኝ አልኩ።

ከጎኔ የሚተኙት አንድ ሐጂ ነበሩ፤ የአቦምሳ ሰው፣ የከብት ነጋዴ። ፖሊሶች ልጃቸውን ፈልገው ሲያጡት እሳቸውን ይዘው መጡ። ነጭ ጥምጥማቸውን ሲተኙ እንኳን አያወልቁም። አንድ ቀን ሽንት እምቢ አላቸው። የሽንት ባልዲው ጥግ ላይ ነው፤ ፊታቸውን ወደ ግድግዳ አዙረው ይቆማሉ፣ ይቆማሉ፣ ምንም ድምፅ የለም፤ ተመልሰው ይተኛሉ። ምን ሆኑ ስላቸው "ብርድ ነው ልጄ" አሉኝ። በማግስቱ ከእምብርታቸው በታች ያለው ሆዳቸው ተወጥሮ አደረ፤ ግንባራቸው ላብ በላብ ሆነ።

"ለልጆቹ እንዳትነግርብኝ። ነውር ነው" አሉኝ በሹክሹክታ።

እዚያ ቤት ውስጥ ልጆች የሚሉት ሁላችንንም ነው። እሺ አልኳቸውና ወዲያው በሩን መደብደብ ጀመርኩ። ሆስፒታል ካልደረሱ እንደሚሞቱ ለማወቅ ሐኪም መሆን አያስፈልግም ነበር።

ሳጅኑ መጣ። "የጣቢያው መኪና ፍሪሲዮኑ ተቃጥሏል። መካኒክ ከአሰላ እስኪመጣ ይታገሱ" አለ።

እዚህ ላይ አመሌ አላስቻለኝም። ያቺን የጭነት መኪና በየጠዋቱ በግድግዳው በኩል እሰማታለሁ። ሾፌሩ ፈቃድ ላይ ስለሆነ የሚነዳት ራሱ ሳጅኑ ነው። የኋላ ማርሽ ሊያስገባ ሲል ካምቢዮው፣ የማርሽ ሳጥኑ፣ ጥርሱን ያፋጫል፤ የፍሪሲዮኑን ፔዳል አራት አምስት ጊዜ ሲረግጠው ደግሞ እሺ ብሎ ይገባል። በጥፊ የመታኝን ሰው ይቅር ማለት እችላለሁ፤ ማርሽ እንዲያ የሚያስጮኽን ሰው ግን ይከብደኛል። የተቃጠለ ፍሪሲዮን ቢሆን ሞተሩ ይጮሃል እንጂ መኪናው አይሄድም፤ ሽታውም ሰፈር ያዳርሳል።

"አልተቃጠለም!" ብዬ ጮህኩ። "የዘይት መስመሩ ውስጥ አየር ገብቶ ነው። ደጋግመው ሲረግጡት የሚታዘዝዎት ለዚያ ነው።"

"አንተ ደግሞ የት አየኸው?"

"ሰማሁታ።"

ወደ ግቢው አወጡኝ። ሐጂንም ነፋስ ያግኛቸው ብለው በሩ ላይ አስቀመጧቸው። የፍሪሲዮኑን ዘይት መያዣ ስከፍት ባዶ ሊሆን ትንሽ ነው የቀረው። ታች ያለው ጎሚኒ፣ ዘይቱን የሚያግደው ጎማ፣ ያፈስሳል። አዲስ ጎሚኒ እዚያ ከተማ አይገኝም፤ ግን ዘይቱ ተሞልቶ አየሩ ከወጣ አሰላ ታደርሳለች። አንዱ ፖሊስ ከሱቅ የፍሬን ዘይት ገዝቶ መጣ።

ጣጣው ስር ልገባ ስል መጣ። አንድ እጅ ለመፍቻው፣ አንድ እጅ አየሩ ለሚወጣባት ቱቦ ያስፈልጋል፤ ሱሪ የሚይዝ ሦስተኛ እጅ የለኝም። ቀበቶዬን ስጠይቅ "ደንብ አይፈቅድም" አለ በረኛው። በጀርባዬ ስሳብ ሱሪዬ ኋላዬ ቀረ። የግቢው በር ክፍት ነው፤ ከበሩ ማዶ የእህል ገበያ አለ። ስንዴ በአህያ ጭነው የሚያልፉ፣ ወፍጮና ትራክተር የሠራሁላቸው ገበሬዎች ቆመው አዩኝ። ፖሊሶቹ ሳቁ። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ደስ ባለኝ።

ሐጂ ግድግዳውን ተደግፈው ተነሱ። ጥምጥማቸውን ፈቱት። ራሳቸው መላጣና ከጠበቅኩት በላይ ትንሽ ነበር። "ና ልጄ" አሉና ወገቤ ላይ ሁለት ዙር ጠምጥመው አሰሩልኝ። የሚስቅ ሰው ጠፋ። እኔ ግን የባሰ አፈርኩ።

አየር ማስወጣት የሁለት ሰው ሥራ ነው። አንዱ ላይ ሆኖ ፔዳሉን ይረግጥና ታች ድረስ ይይዛል፤ ሌላው ስር ሆኖ የአየር ማውጫዋን ብሎን ያላላል፣ አረፋው ይወጣል፣ መልሶ ያጠብቃል። ያኔ ብቻ ነው እግር የሚነሳው። ብሎኗ ሳትጠብቅ እግሩ ከተነሳ አየሩ ተመልሶ ይገባል፣ ሥራው ሁሉ እንደ አዲስ ይጀመራል። ላይ የተቀመጠው ሳጅኑ ነበር።

መጀመሪያ "ይርገጡ" እል ነበር። ትንሽ ቆይቶ አፌ ጋራዥ ውስጥ የለመደውን አወጣ።

"ርገጥ!"

"ረገጥኩ።"

"ያዝ!"

"ያዝኩ።"

"ልቀቅ!"

አረፋው እያነሰ መጥቶ ንጹሕ ዘይት መውረድ ጀመረ። በመጨረሻው ዙር ብሎኗን አላላሁና ሳላጠብቅ ተውኳት።

"ይዣለሁ እኮ!" አለ ከላይ።

"ያዝ። ሳጅን፣ ማንን እንደሚጭን አትጠይቅም ብለኸኝ ነበር። ዛሬ ልጠይቅህ። ይቺ መኪና ማንን ነው የምትጭነው?"

ዘይቱ አገጬ ላይ ይንጠባጠባል። እግሩን ሊያነሳ ይችል ነበር፤ ወርዶ ሊረግጠኝም ይችል ነበር። ፈርቼ ነበር።

"ሽማግሌውን" አለ በመጨረሻ።

"መቼ?"

"አሁን። አሁን አልኩህ፣ ጨርስ!"

አጠበቅኩ። "ልቀቅ" አልኩት።

የኋላ ማርሹ ያለ አንዳች ድምፅ ገባ። ሐጂን ደግፈን ጋቢና ውስጥ አስገባናቸው። ጥምጥሙን ልፈታላቸው ስል እጄን ያዙኝ። "ዲሲ፣ ዲሲ ልጄ። ተወው። ሱሪህን በምን ልትይዘው ነው?" መኪናው በገበያው መሃል ሲያልፍ በመስኮቱ አየኋቸው። ከሰው ዓይን መላጣቸውን በግራ እጃቸው ሸፍነውት ነበር።

እኔን ከወራት በኋላ ማስረጃ የለም ብለው ለቀቁኝ። ቀበቶዬን አልመለሱልኝም፤ ሌላ ገዛሁ። ግን እስከ ዛሬ፣ ቢሮ ውስጥ ስሜ ሲጠራ ወይም ሰው ሲቆጣኝ፣ ግራ እጄን ሳላዘው ወገቤ ላይ ነው የማገኘው። ሚስቴ ሆድህን አመመህ እንዴ ትለኛለች። አዎ እላታለሁ።

ጥምጥሙን አጥቤ፣ ካልለቀቀው የዘይት ምልክት ጋር አጥፌ አቦምሳ ወረድኩ። ሐጂ በሕይወት አሉ፤ እሳቸውም ተለቀዋል። በራቸው ላይ ከጎረቤት ጋር ተቀምጠው፣ አዲስ ነጭ ጥምጥም አድርገው አገኘኋቸው። ቀና ብለው ሲያዩኝ ግራ እጃቸው ወደ ራሳቸው ሄደ። የእኔም ወገቤ ላይ ነበር። እንዲህ የምሆነው እኔ ብቻ መስሎኝ ነበር። ከዚያ ሐጂ እጃቸውን አወረዱ፣ እኔም አወረድኩ፣ ሰላምታችንን ጀመርን።